ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል

እናቴ ውሸት አትችልበትም። ሰው ሁሉ የሚዋሻትን ትንሿን ውሸት፣ "የለችም በሉ" የምትባለዋን እንኳን አትወዳትም፤ ዕቁብ ሰብሳቢም ይምጣ ነገረኛ ጎረቤት፣ ራሷ በሩ ድረስ ወጥታ "አለሁ፣ ግን ዛሬ አይመቸኝም" ብላ ትመልሳለች። ስለዚህ ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የገዛ ታናሽ እህቷን ዓይን ዓይኗን እያየች አንዱን በአንዱ ላይ ደራርባ ስትዋሽ ስሰማ፣ ላብ ያጠመቀኝ እኔን ነው። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፣ ማንም አልተጎዳም፣ እንደውም ቤተሰብ ሲሰበሰብ የሚሳቅበት ወሬ ሆኗል። እኔን ግን ሳቁ አልበቃኝም፣ ለምን እንዳደረገችው እስካሁን እያሰብኩ ነው።

"ማን ሞተ?"

ሐሳቡ የኔ ነበር። ግንቦት ነው፣ ድሬ በግንቦት ምን እንደምትሆን የኖረባት ያውቃል፣ ቬንትሌተሩ ራሱ ትኩስ አየር ነው የሚያዞረው፣ እማዬ ደሞ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ወለል ላይ ትውላለች። ቅዳሜና እሑድን ሐረር ወጥተን፣ ሆቴል ይዘን፣ ትንሽ ነፈስ ብሎን እንመለስ አልኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ማን ሞተ?" ብላ ነው።

እየቀለደች አልነበረም። እናቴ በዕድሜዋ የሄደችበት ቦታ ሁሉ ምክንያት አለው። ቁልቢ ሄዳለች፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል፣ ስለት ልታስገባ። አዲስ አበባ ሄዳለች፣ በድሮው ባቡር፣ አባቴን ሆስፒታል ልታስታምም። ሐረርማ ቁጥሩን እሷም አታውቀው፣ ግን ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ክርስትና ነው፣ ወይ አራስ ጥየቃ፣ ወይ ተዝካር። ሁሌ መጨረሻው ላይ የሚጠብቃት ሰው አለ፣ ገብታ ነጠላዋን አጣፍታ ወይ የምታለቅስበት ወይ ሽንኩርት የምትልጥበት ቤት አለ። ዝም ብሎ መሄድ የሚባል ነገር አታውቅም። "ምን ልናደርግ?" አለችኝ፣ "ምንም" አልኳት፣ "ታዲያ ምንም ለማድረግ እዚሁ አለሁ አይደል እንዴ" አለች። እንዲህ ስትመልስልኝ ምን እላታለሁ።

ዋናው ግን የሆቴሉ ነገር ነው። ሐረር አክስቴ አለች፣ የእናቴ ታናሽ፣ ሰፊ ግቢ ያላት፣ እንግዳ ሲመጣባት ደስታዋን የማትችል ሴት። "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ" አለችኝ እማዬ፣ "ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል ገባሁ ብል ሰው ተጣልተው ነው ይላል።" እውነቷን ነው፣ ይላል። በኛ አገር የሆቴል ክፍል የሚይዘው ሰው ወይ ነጋዴ ነው ወይ የመንግሥት ሠራተኛ ወይ... ሌላውን ተዉት። ብዙ ከተነታረክን በኋላ ተስማማን፣ ቅዳሜ ለራሳችን፣ እሑድ ምሳ አክስቴ ቤት፣ ሆቴል ማደራችንን ደሞ እማዬ ራሷ ልትነግራት። "እኔ እነግራታለሁ፣ አንቺ አፍሽን እንዳትከፍቺ" ነው ያለችኝ፣ ቃል በቃል።

ዳገቱ

ባዶ እጅ አይኬድምና ለአክስቴ ትልቅ ፌስታል ተዘጋጀ። ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ የተገዛ ሳሙናና ማካሮኒ፣ ማንጎ፣ ከላይ ደሞ ዘይቱን፣ ያው የበሰለ ዘይቱን ሽታው እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ሚኒባሱን ከነመንገደኛው አወደው።

ደንገጎ ላይ ስንደርስ ጆሮዬ ድፍን አለ። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፣ ይሄን ሁሉ ከፍታ በ50 ምናምን ኪሎሜትር ነው የምትወጣው፣ አብዛኛውን ደሞ እዛ ጠመዝማዛ ላይ። አባቴ ባቡር ላይ ስለሠራ እዚህ መንገድ ላይ ሁሌ የሚያወራት አንድ ወሬ ነበረችው፣ እማዬም አሁን እሱን ሆና አወራችልኝ፦ ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር፣ ይሄ ጋራ ስላቃታቸው ከታች ቆሙ፣ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬ ደረሰ፣ ስሟንም አዲስ ሐረር አሏት። ከዛ ሰዉ ግማሹ ለሥራ ወረደ ግማሹ ላይ ቀረ። የድሬ ልጅ ሆኖ ሐረር ዘመድ የሌለው ካለ እስኪ ይምጣ። ጋራው ባይኖር እናቴና አክስቴ አንድ ከተማ ውስጥ ነበር የሚኖሩት፣ እኔም ሆቴል የምለው ጣጣ ውስጥ አልገባም ነበር።

ሐሮማያ ሐይቅ ጋ እማዬ መስኮቱን ከፈተች። እኔ ልጅ ሆኜ ሐይቁ ደርቆ ከብት ሲግጥበት ነው የማስታውሰው፣ አሁን ውሃው ተመልሷል፣ እሷ ግን በድሮው መጠን ስለምታየው "ትንሽ ነው" አለች። አወዳይን በጫት ግርግሩ መሀል ተጋፍተን አለፍን። ረዳቱን አስቁማ ድንች ልትገዛ ነበር፣ ሆቴል ውስጥ የት ትቀቅዪዋለሽ ብዬ ነው የከለከልኳት።

ሆቴሉ ከከተማው ወደ ድሬ መውጫው በኩል ነው፣ ደህና ነገር ነው፣ የተለየ ምንም የለውም። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ከአዲስ አበባ የመጣች መሰለኝ፣ እማዬን "እርስዎ ይቀመጡ" ስትላት እናቴ ፊቷ ተቀያየረ፣ ወደኔ ዞራ "ምን አድርጌያት ነው?" አለችኝ። ድሬም ሐረርም እንደምታውቁት ሽማግሌውም ቄሱም አንተ ነው፣ አንቱታ የሚመጣው ሰው ሲኮራረፍ ነው።

ክፍል ስንገባ አልጋውን በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ አየችው፣ አንሶላውን ገልጣ አሸተተችው፣ "አጥበውታል" ብላ ፈረደች። ከዛ ሻወር ገባች። ውሃው ሙቅ ነው፣ ደሞ አይቆምም። በፈረቃ ውሃ በጀሪካን ስታጠራቅም የኖረች ሴት ናትና እሷ እንደዛ ስትቆይ መጀመሪያ ወድቃ መስሎኝ በሩን አንኳኳሁ። "ተይኝ እስቲ" አለችኝ ከውስጥ። ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል፣ "ይሄ ውሃ ከኛ ከድሬ በኩል እኮ ነው በፓምፕ እየተገፋ የሚመጣላቸው፣ ድርሻዬን ነው የወሰድኩት" አለች። የአለቃቀሷ... ይቅርታ፣ የአሳሳቋ ነገር ያኔ ነው የገረመኝ፣ ሳሎን ውስጥ እንደዛ አትስቅም።

ፈረስ መጋላ

በሸዋ በር ገብተን ጀጎልን ዞርን። እንደ ቱሪስት፣ ማለት ቀስ ብለን። የግንቡን ታሪክ አልነግራችሁም፣ አሚር ኑርን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዩኔስኮን በ1998 ዓ.ም.፣ ሁላችሁም በትምህርት ቤት ሸምድዳችሁታል። እማዬ ግን እዛ ግንብ ውስጥ ለስንት ዘመን ስትመላለስ አንድም ሙዚየም ገብታ አታውቅም፣ ስለዚህ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት ወሰድኳት። ቤቱን ወደደችው፣ የእንጨት ሥራውን፣ ባለ ቀለም መስታወቱን። ስለ ሰውየው ያነበብኩትን ነገርኳት፣ በ1880 እ.ኤ.አ. ለቡና ነጋዴዎች ሊሠራ ነው የመጣው፣ ግጥሙን ትቶት ነበር፣ ኋላ መሣሪያም ነግዷል፣ በ1891 እግሩን ታሞ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዘይላ አወረዱት፣ ማርሴይ ላይ እግሩን ቆረጡት፣ በዛው ዓመት ሞተ፣ ገና 37 ዓመቱ ነው። እናቴ ስለ ግጥሙ ምንም አልጠየቀችም። "እዚህ ማን ዘመድ ነበረው?" አለች። ማንም አልኳት። "ማን አስታመመው ታዲያ?" እህቱ ናት ማርሴይ ያስታመመችው አልኳት። "አየሽ" አለችኝ፣ "አየሽ፣ እህት።" ይቺን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ባለች ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው የሆነው።

በመኪና ግርግር በኩል፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን ደጅ አውጥተው በሚሰፉበት ጠባብ መንገድ ወጥተን ፈረስ መጋላ ደረስን። እማዬ መድኃኔዓለም ፊት ለፊት ቆማ ተሳለመች። ቀና ስትል ከኋላ "እታለም?" የሚል ድምፅ መጣ።

አክስቴ ናት። ዘንቢል ይዛለች፣ ከገበያ እየተመለሰች ነው። መሳሳሙን ተውት፣ ትከሻ ለትከሻ ስንት ጊዜ እንደተጋጩ። ከዛ "መቼ መጣችሁ?" አለች። እኔ አፌን እንዳልከፍት ስለታዘዝኩ እማዬን አየኋት። እማዬ ምንም ሳትንተባተብ "አሁን ከመኪና መውረዳችን ነው" አለች። "ልጅቷ የቢሮ ጉዳይ ነበራትና ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው። ማታውኑ እንመለሳለን።" ቅዳሜ ከሰዓት! የትኛው ቢሮ ነው ቅዳሜ ከሰዓት የሚከፈተው? አክስቴ ግን እህቷ እንደማትዋሽ እርግጠኛ ስለሆነች አልጠየቀችም። እውነተኛ ሰው አንዴ ከዋሸ ማንም አይደርስበትም፣ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

እቤት ወሰደችን። ምሳ እንደ አዲስ ተሠራ፣ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተጠራ። እናቴ ገና ከመግባቷ ኩሽና ነበረች፣ ማንም ሳያዛት ጎመን ትቀነጥሳለች። የጎረቤት ሴቶች እየገቡ የየራሳቸውን ነገሯት፣ የአንዷ ባል፣ የአንዷ ኩላሊት፣ የአንዷ ልጅ አረብ አገር ስልክ ማንሳት አቁማለች። እማዬ ትላልቅ ዓይኖቿን እያርገበገበች ለሁሉም "እኔን" ትላለች። ከድሬ ጀምሮ በጉልበቷ ይዛው የመጣችው ፌስታል ሆቴል ነው ያለው፣ ስለዚህ እህቷ ቤት ባዶ እጇን ገብታለች፣ እናቴን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። "እደሩ" ተባለ። "ነገ ዕድር አለብኝ፣ ካልተገኘሁ ይቀጡኛል" አለች። ዕድሯ በወሩ መጨረሻ ነው።

ወራጅ አለ!

አክስቴ ሳትሸኝ የምትቀር ሰው መስላን ከሆነ ተሳስተናል። እስከ መናኸሪያ ድረስ መጣች። እኔ እስከዛች ደቂቃ ድረስ "በቃ ከዚህ ተመለሺ" ብለናት ባጃጅ የምንይዝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የድሬ ሚኒባስ ጋ ወሰደችን፣ መስኮት ጋ አስቀመጠችን፣ ከዛ ስንጮህ ስንለምን የሁለታችንንም ሒሳብ ለረዳቱ ከፈለች፣ "ድሬ ድረስ፣ ሁለት ሰው" ብላ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ደሞ እጇን በመስኮት አስገብታ የእማዬን እጅ ይዛ ቆመች።

መኪናው ተነሳ። አክስቴ እጇን እያውለበለበች ቀረች። እኔ ሳቄ እየመጣ እማዬን ሳያት ፊቷ ድርቅ ብሏል፣ ፊት ለፊቷን ነው የምታየው። አሁን በቃ ተሸነፈች፣ ድሬ ገብተን እናድራለን፣ የክፍሉም ብር ይቅር፣ አልኩ በልቤ። ሆቴላችን መጣ፣ በሩ፣ መብራቱ፣ ዘበኛው፣ ሁሉን እያየነው አለፍነው። እሷ ዝም። ትንሽ ሄድን። አንድ መታጠፊያ ካለፍን በኋላ፣ ከኋላችን ምንም የማይታይ ሲሆን፣ እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"ወራጅ አለ!"

በመላው ድምፅዋ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ረዳቱ ግራ ገብቶት "ማዘር፣ ድሬ ነው እኮ የተከፈለልሽ" አላት። "አውቃለሁ፣ አውርደኝ።" "ሒሳቡ አይመለስም።" "ለቸገረው ሰው ይሁን፣ አቦ አውርደኝ!" እናቴ አቦ ስትል የሰማሁት ከስንት ዘመን በኋላ ነው፣ ልጅ እያለች ትለው ነበር መሰለኝ።

አስፋልቱ ዳር ቆምን። መሽቷል፣ ብርዱ የሐረር ብርድ ነው፣ አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን ነፍቶብን አለፈ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናነበች፣ ባጃጅ አስቆምን፣ ገብታ ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ ተሸጎጠች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ አልቅሳ ነው ብዬ ነጠላውን ገለጥ ሳደርገው በሳቅ ነው የምትፈርሰው። ድምፅ የለውም፣ እንባዋ ግን ይወርዳል። "ብታየን ኖሮ" ትላለች፣ ከዛ ደግሞ ትስቃለች።

ያሰብኩት

ማታ ክፍሉ በዘይቱን ሽታ ታፍኗል። አንዱን አንስታ በላች፣ ከዛ ሌላ፣ ለእህቷ የመጣውን። መብራት ካጠፋን በኋላ ለምን እንደዋሸች ጠየቅኳት። "ታዝንብኝ ነበር" አለች። ይሄ ግን መልስ አይደለም፣ ምክንያቱም እንዳታዝን ከሆነ እዛው ማደር ትችል ነበር፣ የሆቴሉ ብር ሲቃጠል የኔ ነው የሚቃጠለው፣ ፌስታሉንም ነገ ከሆነ ቦታ የመጣ አስመስለን እንሰጣታለን።

ብዙ አወጣሁ አወረድኩ። አንዱ ሐሳቤ ኩሽናው ነው፣ እህቷ ቤት እንግዳ ሆና አታውቅም፣ ታላቅ ናት፣ ታላቅ ሲመጣ ሥራም ሐዘንም ይዞ ነው የሚቀመጠው። ግን ኩሽናውን አትጠላውም፣ ያን ቀንም ስትቀነጥስ ደስ ብሏት ነበር፣ አይቻታለሁ። እረፍት ፈልጋ ነው የሚለው ወሬም አይጥመኝም፣ እናቶቻችን ደክመዋል ደክመዋል እያልን ፌስቡክ ላይ በእናቶች ቀን የምንለጥፈው ዓይነት ነገር ነው፣ እሷ ራሷ ብታነበው ትስቅበታለች።

አሁን የምጠረጥረው ሌላ ነው። እናቴ ያላት ነገር ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ብሯን ዕቁቡ ያውቃል፣ ሐዘኗን ዕድሩ ያውቃል፣ ኃጢአቷን የነፍስ አባቷ ያውቃል፣ ስኳሯን ጤና ጣቢያው ያውቃል፣ ምሳዋ ምን እንደሆነ ጎረቤት በሽታው ያውቃል። ማንም የማያውቀው ነገር ኖሯት አያውቅም፣ የማይረባም ቢሆን። ያቺን ሌሊት አገኘች። ፈረስ መጋላ ላይ "መቼ መጣችሁ?" ስትባል ለእህቷ ብትነግራት ወዲያው የቤተሰቡ ሌሊት ትሆን ነበር፣ ይወራባታል፣ ይፈረድባታል፣ ይቅር ይባላል። ዝም ልትል አትችልም፣ ስለዚህ ዋሸች። ሆቴሉን ወዳው አይመስለኝም። ድንበር ነበር የፈለገችው ብዬ ልደምድም እልና ደሞ፣ ኧረ አንቺ ልጅ፣ ዘይቱኑንም አትፈላሰፊበት እላለሁ ለራሴ።

አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አልሄደችም። አክስቴ መድኃኔዓለም ትገኛለች ብላ። መጋረጃውን ከፍታ ፀሐይ በወጣችበት በኩል ዞራ በነጠላና በካልሲዋ ጸለየች፣ ከዛ ወደ አልጋው ተመልሳ እስከ ሦስት ሰዓት ተኛች። ይሄን ለነፍስ አባትሽ ተናገርሽው ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር፣ "አንቺን አያገባሽም" ነው ያለችኝ።

ግድግዳም ጆሮ አለው

ሐረር ውስጥ ነገር ሊደበቅ? እንግዳ ተቀባይዋ አይደለችም፣ ክፍሉን የምታጸዳው ሴት ናት፣ የአክስቴ ጎረቤት የእህት ልጅ። አክስቴ ሰምታ ስልክ አልደወለችም። ዝም አለች፣ ዝምታዋ ከጩኸት ይብሳል። እማዬም አልደወለችም። አክስቴ ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ መጥታ፣ በዛው ቁልቁል ድሬ ወርዳ ቤታችን ገባች። ተሳሳሙ፣ ግን አጠር ያለች ናት። ቡናው ቀረበ። እኔ ሲኒ እያመላለስኩ ጦርነቱ መቼ እንደሚጀመር እጠብቃለሁ።

አክስቴ የመጀመሪያውን ሲኒ ጨርሳ አስቀመጠች።

"ቁርስም ይሰጣሉ?" አለች።

"ከክፍሉ ጋር ነው" አለች እናቴ።

"ምን ምን?"

"ፉል። እንቁላል እንደፈለግሽ። ጁስ።"

"ሰሃኑንስ?"

"ትተሽው ትነሻለሽ።"

አክስቴ ይሄን ትንሽ አሰበችበት። ከዛ ወደኔ ዞራ ለሁለት ሰው ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ውድ ነው አለች፣ ግን አልተቆጣችም። ከዛ ወዲህ ሁለቱ ስልክ ላይ የሚያወሩት ከተማ ነው። ሐረር አይሆንም፣ የአክስቴ ነው። ድሬ አይሆንም። ጅጅጋ የአክስቴ ባል እህት አለች። ጭሮ የእማዬ የክርስትና ልጅ አለ። አዋሽና ሚኤሶ የአባቴ የባቡር ጓደኞች ቤተሰብ ሞልቷል፣ ከመኪና ሳይወርዱ ነው የሚያውቋቸው። ባለፈው ሐዋሳ አልኳቸው። ስፒከር ላይ ነው፣ ሁለቱም ዝም ብለው ቆጠሩ። "ሐዋሳስ ማንም የለንም" አለች እናቴ። አክስቴ ግን ትዝ አላት፣ የአጎታቸው ልጅ ሴት ልጅ እዛ አግብታለች፣ ወልዳለች እንኳን ተብሏል፣ አራስ ሳይጠይቁ እንዴት ይታለፋል።

"እና ማን ይነግራታል?" አለች እናቴ።